የጋራ ቆጣሪ

በዚያ ግንቦት ተረፈ ጠና ስለ ዋጋ ንረት ሲያስተምር ድምፁ ዝቅ ማለት ጀምሮ ነበር። ድሮ ይህን ምዕራፍ ይወደው ነበር። ሰሌዳው ላይ ቀስቶቹን እየሰደደ፣ የአንዱ ዋጋ ሲነሳ ሌላውን እንዴት እንደሚጎትት እያሳየ፣ ተማሪው ሳያስበው ደወሉ ይደወል ነበር። አሁን ግን ፊት ለፊቱ ከተቀመጡት የአስራ ሁለተኛ ክፍል ልጆች ብዙዎቹ ቁርስ ሳይቀምሱ እንደመጡ ያውቃል። እሱም እንደነሱ ነው።

ያም ሆኖ ትምህርቱን አያዛባም። መንግሥት የብሩን ምንዛሪ ለገበያ እንደለቀቀ፣ ከውጭ የሚገባው ዕቃ በዚያው ልክ እንደተወደደ፣ የነዳጅ ድጎማው ቀስ በቀስ እየተነሳ እንደሆነ፣ የመብራት ታሪፍም በየሦስት ወሩ ከፍ እንዲል እንደተወሰነ በተራ ያስረዳል። ለእያንዳንዱ ምክንያት አለው። ዕዳ መከፈል አለበት፤ መስመር መዘርጋት አለበት፤ በኪሳራ የሚሸጥ መብራት መብራት ላላየው መንደር አይደርስም። ይህን ሲል የሚዋሽ አይመስለውም ነበር። አንድ ቀን ሐዳሳ የምትባል ተማሪ እጇን አውጥታ፣ ነገሩ እስኪስተካከል ድረስ ሰው ምን ሆኖ እንደሚቆይ ጠየቀችው። ተረፈ መጽሐፉ ውስጥ ያለውን መለሰላት፤ የሽግግር ጊዜ ይባላል አላት። ልጅቷ ደብተሯ ላይ ጻፈችው።

ተረፈ የተከራየው ሆሳዕና ከገበያው ወረድ ብሎ በእትዬ ሀሚዳ ግቢ ነው። የእትዬ ሀሚዳ ባል የጨርቅ ነጋዴ ነበሩ። ሰውየው ሲሞቱ ሱቁም አብሯቸው ሞተ፤ ለሴትየዋ የቀረላቸው ግቢው ብቻ ነው። ከፊት ባለው ቤት እሳቸውና ልጃቸው ኢልሃም ይኖራሉ። ከኋላ ያሉትን ሁለት ክፍሎች ያከራያሉ፤ አንዱን ባጃጅ ነጂው ዮሲ፣ ሌላውን ተረፈና ሚስቱ ሮዳስ ይዘውታል። ሮዳስ የመጀመሪያ ልጇን ከተገላገለች ገና ሁለት ወር አልሞላትም። እናቷ ወይዘሮ ገነቴ ሊያርሷት ከዱራሜ መጥተው እዚያችው አንድ ክፍል ውስጥ ከነሱ ጋር ያድራሉ። አማርኛ እምብዛም አይሆንላቸውም፤ ተረፈ በሀዲይኛ ሲያወራቸው እሳቸው በከምባትኛ ይመልሳሉ፣ ያልተግባቡትን ሮዳስ ታቃናለች።

ምግቡም፣ የሕፃኗ ውሃም፣ የአራሷ አጥሚትም የሚሠራው በኤሌክትሪክ ስቶቭ ነበር። ስቶቩን ተረፈ ራሱ ነው የገዛው። ከሰል ከመግዛት እንደሚረክስ አስልቶ ነው፤ በገዛበት ጊዜም ልክ ነበር።

አንድ ከሰዓት በኋላ እትዬ ሀሚዳ ተከራዮቹን በረንዳው ላይ ጠሯቸው። የወሩ የመብራት ሂሳብ መጥቶ ነበር። ሴትየዋ አልተቆጡም፤ ፊታቸው የደነገጠ ሰው ፊት ነበር። ካለፈው ወር የተለየ ነገር አልተጠቀምንም፣ ሂሳቡ ግን ዘሎ ሄዷል አሉ። ከኪራዩ ላይ ሸፍኜ ከከፈልኩ እኔና ልጄ የምንበላው አይኖረንም አሉ።

"ከዛሬ ጀምሮ ስቶቭ አይሰካም" ብለው ጨረሱ። "አምፖልና ስልክ ብቻ።"

ተረፈ ሊያስረዳቸው ሞከረ። ታሪፉ ትንሽ የሚጠቀመውን ድሃ እንዲያተርፍ ተብሎ የተሠራ እንደሆነ፣ ብዙ የሚጠቀም ሰው ደግሞ በውድ እንደሚከፍል፣ እነሱ ግን ሦስት ቤት በአንድ ቆጣሪ ስለሚጠቀሙ ድምሩ ውዱ ውስጥ እንደሚገባ ነገራቸው። "እኛ ሦስት ድሆች ነን፤ ቆጣሪው ግን የሚያየው አንድ ሀብታም ነው" አለ።

"ታዲያ ይህን ለቆጣሪው ንገረው እንጂ፣ ለኔማ ምን ታደርግልኛለህ" አሉ እትዬ ሀሚዳ።

በማግስቱ የራሱን ቆጣሪ ለማስገባት ምን እንደሚያስፈልግ ጠይቆ መጣ። የሚያስፈልገው የቤቱ ባለቤት ፊርማና የይዞታ ካርታ ነው። ካርታው ያለው በሟቹ ስም ነው። የሟቹ ወንድሞች ደግሞ ግቢው የአባታችን ነው ብለው ፍርድ ቤት ሄደዋል፤ ክርክሩ እስኪያልቅ እትዬ ሀሚዳ በገዛ ቤታቸው ላይ ምንም መፈረም አይችሉም። ተረፈ ይህን ሲሰማ የሚናደድበት ሰው ፈልጎ አጣ። ስቶቩን ጠቅልሎ አልጋ ሥር አስገባው።

ከዚያ ወዲያ ሁሉም ወደ ከሰል ዞረ፤ ከሰሉ ግን እንደድሮው አልጠበቃቸውም። ከሙዱላ በኩል የሚያመጡት መኪኖች ናፍጣ በተወደደ ቁጥር ጭነቱ ላይ ይጨምራሉ። ቸርቻሪዋም የምትሰፍርበትን ጣሳ አሳንሳለች። ሳምንት ይገፋ የነበረው ገንዘብ አሁን ለሁለት ቀን ማብሰያ አልበቃ አለ። ክረምቱ ቀድሞ የገባ ይመስል ዝናቡ አላባራም፤ የጭቃው ግድግዳ እርጥበት ጠጥቶ ክፍሉ እንደ ጉድጓድ ይቀዘቅዛል። ሕፃኗ ማሳል ጀመረች። ሮዳስ በቀን አንዴ ብቻ ትኩስ መብላት ጀመረች፤ የጡቷ ወተትም ቀነሰ። ተረፈ ከትምህርት ቤት ሲመለስ አማቱ ሕፃኗን ከደረታቸው ጋር በጋቢ አጥብቀው አስረው ክፍሏ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ሲሉ ያገኛቸዋል። ምንም አይሉትም። ባይሉትም ያፍራል።

እትዬ ሀሚዳም ስቶቩን ከከለከሉ ወዲህ ዓይናቸው ከሮዳስ ዓይን ይሸሽ ነበር። ማድ ቤታቸው ውስጥ ለራሳቸው ውሃ ያሞቁ እንደሆነ፣ ልጅቷን ወዲህ አምጧት ይላሉ። ገላዋን አጥበው፣ በፎጣ ጠቅልለው፣ ራሳቸው ይዘዋት ይመለሳሉ።

ዝናቡ ሲብስ ተረፈ ሆመቾ ወደ አባቱ ሄደ። ያሰበው ከቤቱ በስተጀርባ ዳገቱ ላይ ያለውን ባሕር ዛፍ ነው። ሁለት ቅርንጫፍ ቢያስቆርጥ ለወር ይበቃዋል ብሎ ነበር። ሲደርስ ዳገቱ ተላጭቷል። አባቱን አቶ ጠናን ከጉቶዎቹ መሀል ጎንበስ ብለው ሥር ሲቆፍሩ አገኛቸው። ዛፉን በቁሙ ለነጋዴ እንደሸጡት፣ ገንዘቡም ለማዳበሪያ እንደሄደ ነገሩት። ማዳበሪያው እንዲህ የሚወደደው ለምን እንደሆነ ጠየቁት። ልጃቸው የተማረ ስለሆነ ያውቀዋል ብለው ነው። ተረፈ ያውቀዋል፤ በየዓመቱ የሚያስተምረው ነው። ግን ዳገቱን አየና ጎንበስ ብሎ አብሯቸው ሥር ይነቅል ጀመር።

አቶ ጠና ከጉቶና ከሥር ያከሰሉትን አንድ ከረጢት አወጡለት። ለቤታቸው ያስቀመጡት ነበር። አልወስድም ብሎ ተከራከረ፤ አልሰሙትም።

"ለአንተ አይደለም፣ ለአራሷ ነው" አሉት በሀዲይኛ። "ልጅቷን እንዳይበርዳት።"

ከረጢቱን ሚኒባስ ላይ አስጭኖ ሲገባ ሮዳስ ሳቀች። ከወለደች ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ አይቷት አያውቅም። ወይዘሮ ገነቴ ከሰሉን በእጃቸው አገላብጠው አዩና የአማቾቻቸውን ቤት መረቁ። ማንደጃው ውጭ በረንዳው ላይ ተቀጣጥሎ፣ ጭሱ ሲወጣለት ወደ ውስጥ ይገባል። መንደሩ በሙሉ የሚያደርገው እንዲያ ነው። አሮጊቷም በሩን ገርበብ ማድረግ አይረሱም ነበር።

ቅዳሜ ተረፈ ለፈተና ለሚዘጋጁ ተማሪዎች ማጠናከሪያ ያስተምር ነበር። ከቀትር በኋላ በረዶ የተቀላቀለበት ዝናብ ወረደ። የክፍሉ ቆርቆሮ ጩኸት ስለበዛ ማስተማሩን አቁሞ በመስኮቱ ሲመለከት ስልኩ ጠራ። የእትዬ ሀሚዳ ልጅ ኢልሃም ነበረች።

"መምህር፣ ቶሎ ይምጡ" አለችው። ወዲያው ስልኩ ተዘጋ።

ጃንጥላም ኮትም ሳይዝ ወጣ። ባጃጅ ለማግኘት ወደ አስፋልቱ ቢሮጥም የከተማው ባጃጅ ሁሉ ነዳጅ ማደያው ጋ ተሰልፎ ቆሟል። ዮሲም እዚያው ሰልፉ መሀል ነበር፤ ከጠዋት ጀምሮ ተራ እየጠበቀ። ተረፈን ያለ ኮት በዝናብ ሲሮጥ ሲያየው ምን ሆነሃል ብሎ አልጠየቀም። ሞተሩን አስነስቶ፣ ተራውን ጥሎ ወጣ። ታንከሩ ውስጥ የቀረችው ነዳጅ ወዴት እንደምታደርሳቸው ሁለቱም አያውቁም ነበር።

ግቢው በር ላይ ሰው ተሰብስቧል። በረንዳው ላይ ሮዳስና እናቷ ጎን ለጎን ተጋድመዋል። እትዬ ሀሚዳ ሮዳስ አጠገብ ተንበርክከው በሻሻቸው ፊቷን ያራግባሉ። ኢልሃም ሕፃኗን ታቅፋ ግድግዳው ሥር ቆማለች። ሕፃኗ ታለቅሳለች። ተረፈ መጀመሪያ የሰማው ያንን ለቅሶ ነበር፤ በኋላም ሲያስበው ያን ሰዓት በእግሩ ያቆመው ለቅሶው እንደሆነ ይሰማዋል።

የሆነውን እትዬ ሀሚዳ ድምፃቸው እየተቆራረጠ ነገሩት። ሕፃኗን ሊያጥቧት ወስደዋት ነበር። በረዶው ሲጀምር እስኪያባራ ድረስ ማድ ቤታቸው ውስጥ አቆዩዋት። አጥበው ሲያመጧት በሩ ከውስጥ ተቀርቅሯል። ነፋሱ በሩን እየበረገደ ዝናቡን አልጋው ድረስ ስላስገባባቸው ሳይሆን አይቀርም የቀረቀሩት። ቢያንኳኩ፣ ቢጣሩ መልስ የለም። ጎረቤት ጠርተው በሩን በእርግጫ ሰበሩት። ሮዳስ ከበሩ ሥር ወድቃ ነበር። ለመክፈት የመጣች ትመስላለች። ወይዘሮ ገነቴ ማንደጃው አጠገብ በጎናቸው ተኝተው፣ እሳቱ ላይ ሊያደርቁት የያዙት የሕፃኗ ጨርቅ እጃቸው ላይ ነበር።

ተረፈ አማቱን ነካቸው። ሰውነታቸው ገና ይሞቃል። ጠራቸው፤ እማማ እያለ በሀዲይኛም በአማርኛም ጠራቸው። ዮሲ ትከሻውን ይዞ፣ ሮዳስ ትተነፍሳለች፣ እሷን እናድርስ አለው። አንስተው ባጃጁ ውስጥ አስገቧት። ተረፈ ጭንቅላቷን ጭኑ ላይ አድርጎ መንገዱን ሁሉ ስሟን ይጠራ ነበር። ነዳጁ ሆስፒታሉ በር ላይ አለቀ፤ የቀረውን እየገፉ አስገቡ።

ሮዳስ ኦክስጅን ተደርጎላት ሊመሽ ሲል ዓይኗን ገለጠች። ራሷ ሊፈነዳ እንደደረሰ ነገረችው። ከዚያ ሕፃኗን ጠየቀች፤ ደህና ናት፣ እትዬ ሀሚዳ ጋ ናት አላት።

"እማዬስ?"

ተረፈ እጇን ያዘ። ሐኪሙ ዛሬ አትንገራት ብሎት ነበር፤ እሱም ላለመናገር ወስኖ ነው የገባው። ግን ፊቱ አልታዘዘለትም። ሮዳስ አየችውና ወደ ግድግዳው ዞረች። አላለቀሰችም። "እኔ ነኝ ዝጊው ያልኳት" አለች። "ልጄን ይዘዋት ሲመጡ ቤቱ እንዲሞቅ ብዬ።"

ወይዘሮ ገነቴን ወደ ዱራሜ መውሰድም ቀላል አልሆነም። ፒካፕ ያለው ሰው ተገኘ፣ ነዳጅ ግን የለም። የቤተ ክርስቲያን ወንድሞች ከየመንገዱ ዳር በሃይላንድ የሚሸጠውን ቤንዚን እየለቃቀሙ ሞሉለት። አንጋጫን ሲያልፉ ዝናቡ እንደገና ጀመረ። ተረፈ ከኋላ ሣጥኑ አጠገብ ተቀምጦ በላስቲክ ይሸፍነው ነበር። እትዬ ሀሚዳ ከፊት ሕፃኗን ታቅፈው ሄዱ። ደካማ ስለነበረች ሮዳስ መቅረት አለባት ተብሎ ነበር፤ እሷ ግን ከሆስፒታል ፈርማ ወጥታ መጣች።

በሦስተኛው ቀን አቶ ጠና ከሆመቾ ለቅሶ ደረሱ። ድንኳኑ ውስጥ ከልጃቸው አጠገብ ተቀመጡ። የሰው ድምፅ ከፍ ሲል ወደ ጆሮው ጠጋ አሉ።

"ያ ከሰል ነው?"

ተረፈ የአባቱን እጆች አየ። ከጉቶ ሲታገሉ የላጡት ቆዳ ገና አልሻረም ነበር።

"አይደለም" አለ። "ያ አልቆ ነበር። ከገበያ የገዛነው ነው።"

አቶ ጠና ራሳቸውን ነቀነቁ። አምነውት ይሁን አይሁን ተረፈ እስከ ዛሬ አያውቅም።

ሆሳዕና ሲመለሱ እትዬ ሀሚዳ የተሰበረውን በር አሠርተው፣ አልጋ ሥር የነበረውን ስቶቭ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ሰክተውት ጠበቋቸው። "በፈለጋችሁ ሰዓት ሥሩበት" አሉ። "ስለ ሂሳቡ ማንም አያንሳብኝ።" ሮዳስ ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ነካች። ሴትየዋም ይህን አይተው ሮጠው ወደ ቤታቸው ገቡ።

የዚያ ወር ሂሳብ ሲመጣ እትዬ ሀሚዳ ለማንም አላሳዩም። ግን ኢልሃም የምትማርበትን የኮምፒውተር ኮርስ ማቋረጧን ሮዳስ ሰማች። ዮሲም ማታ አምፖል ማብራት ትቶ በስልክ መብራት እንደሚበላ አየች። ከሁለት ቀን በኋላ ተረፈ ፈተና ሲያርም መጥታ ጎኑ ተቀመጠች።

"ዱራሜ ልሂድ" አለችው። "የእማዬ ቤት ባዶ ነው። ቆጣሪው የራሷ ነው፤ ሌላ ማንም የለበትም።"

ተረፈ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ያለችው ወዲያው ገባው። እናቷ ብቻቸውን ይኖሩባት በነበረችው ጎጆ ሮዳስ አንድ ስቶቭና አንድ አምፖል ብትጠቀም የሚመጣባት ሂሳብ ከሁሉ የሚያንሰው ነው። ታሪፉን ያወጡት ሰዎች ይተርፋል ያሉት ድሃ እዚያ ቤት ውስጥ ይተርፋል። ሊቃወማት ፈለገ። ሕፃኗን ማን ያይልሻል ሊላት ነበር፤ የሚያይላት ሰው ማን እንደነበር ትዝ ሲለው አፉን ያዘ።

"እኔስ?" አለ በመጨረሻ።

"አንተ ሥራህ እዚህ ነው።"

ወደ ከምባታ ለመዛወር አመልክቶ ነበር። በሱ ምትክ ሆሳዕና መምጣት የሚፈልግ የኢኮኖሚክስ መምህር ከተገኘ ይቻላል ተብሏል። እስካሁን የተገኘ የለም። በሁለት ቤት ወጪ እንዳይበዛ ክፍሉን ለቆ ከዮሲ ጋር ለመዳበል ተስማሙ። እትዬ ሀሚዳ አዲስ ተከራይ ያስገቡት በሩ ካልተከፈተ ከሰል ወደ ውስጥ እንደማይገባ አስምለው ነው።

ሮዳስ የሄደችበት ጠዋት መነኸሪያው ጭቃ ነበር። የመኪናው ታሪፍ በዚያው ሳምንት ተጨምሮ ሰዉ ከረዳቱ ጋር ይጨቃጨቃል። ተረፈ ስቶቩን በካርቶን አሽጎ ጭነቱ ላይ አሰረላት። ሕፃኗን ተቀብሎ ጥቂት አቀፋት፤ ማሳሏ ለቋት ነበር። ሮዳስ መስኮቱ ጋ ከተቀመጠች በኋላ እንደ ሌላው ጊዜ እጇን አላወጣችም። ልጇን ወደ ራሷ አስጠግታ ፊት ፊቱን ታይ ነበር።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ደወለላት። ውሃ አፍልታ ሕፃኗን እንዳጠበቻት፣ ሽሮ እንደሠራች፣ ቤቱ እንደማይበርድ ነገረችው። ድምጿ የደረቀ ነበር። የጎረቤት ሴቶች ሊያጫውቷት ሲመጡ የእናቷን ወንበር ትተው መሬት ላይ እንደሚቀመጡ ነገረችው። ከዚያ መቼ እንደሚመጣ ጠየቀችው። ደመወዝ ሲወጣ አላት።

"በልተሃል?" አለችው።

"በልቻለሁ።"

አልበላም ነበር። ሮዳስም ሳታውቅ አልቀረችም፤ ግን መልሳ አልጠየቀችውም። ሕፃኗ ስትነጫነጭ ሰማ፤ ላስተኛት ብላ ዘጋችው። ተረፈ ስልኩን እንደያዘ የዮሲ ፍራሽ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ነገ ሰኞ ነው፤ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ የሱ ነው፤ ምን ብሎ እንደሚጀምር ግን ማሰብ አቃተው።